ውሃውን የሚፈትነው እጅ

ቅዳሜ ጠዋት ሆስፒታሉ ሌላ ቦታ ይመስላል። ሐኪሞቹ አይዞሩም፣ ጠያቂ ገና አልገባም፣ በረጅሙ ኮሪደር የሚሰማው የጽዳት ጋሪው ጎማ ሲጢጥ ሲል ብቻ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የወንዶቹ ክፍል በር ላይ ጥቂት ሰዎች ፎጣና ሳሙና ይዘው ይቆማሉ። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም፣ ማኅተም የላቸውም፣ ማኅበራቸው ስም እንኳ የለውም። «ቅዳሜዎቹ» ያሏቸው ነርሶቹ ናቸው። «ቅዳሜዎቹ መጡ» ሲባል ማንም የማይጠይቀው በሽተኛ አንገቱን ከትራሱ ቀና ያደርጋል። የሚያጥበው ሰው መጣለት ማለት ነዋ።

ከፊት የሚቆመው ጎማ ጠጋኝ ነው። ሰፈርተኛውም ነርሶቹም ጎሚስታው ይሉታል። ወገቡ ጎበጥ ያለ፣ ንግግር የማያበዛ፣ ሲስቅ ድምፅ የሌለው ሰው ነው። መሪ ብሎ የመረጠው የለም፤ ባልዲውን የያዘው እሱ ስለሆነ ነው። የቅዳሜዎቹ ሕግ ይኸው አንድ ነው፤ ባልዲ የያዘ ይመራል። መምራት ማለት ደግሞ የቆሸሸውን ውሃ ተሸክሞ መድፋት ነው፤ ሌላው አፍንጫውን ይዞ የሸሸውን በሽተኛ ለራስ መውሰድ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ውሃው የሰው ገላ ከመንካቱ በፊት እጅን ነክሮ መፈተን ነው። ሌላው እንደፈለገ ይቀላቅለው፣ የመጨረሻው እጅ የጎሚስታው ነው። እሱ «ይበቃል» ካላለ ማንም አይታጠብም።

ነገሩ የተጀመረው በወንድሙ ነው። ወንድሙ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ከመኪና ላይ ወድቆ እዚሁ ክፍል ተኛ። ጎሚስታው ሥራ ይዞት ዛሬ እሄዳለሁ ነገ እሄዳለሁ ሲል ሰነበተ። ሲደርስ ወንድሙ አርፎ ነበር። አንሶላው ነጭ ነው፤ እግሮቹ ግን የወደቀበትን መንገድ አፈር እንደያዙ ነበሩ። ያን ሁሉ ቀን ውሃ ያስነካቸው ሰው አልነበረም። ጎሚስታው ሬሳው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት እነዚያን እግሮች አጠበ። በሳምንቱ ከሱቁ የጎማ መፈተሻ ባልዲውን አንስቶ ተመለሰና «ዛሬ ያልታጠበ እግር ያለው ማነው?» ሲል ነርሷን ጠየቃት። ነርሷ ጨርቁን የጣለ ሰው መስሏት ዘበኛ ልትጠራ ነበር።

ቀስ በቀስ ሌሎች መጡ። መጀመሪያ ጡረታ የወጣ መምህር መጣ፤ እጁ ቀርፋፋ ነው፣ ጸሎቱ ግን ማለቂያ የለውም። ከእሱ በኋላ ፀጉር ሠሪዋ መጣች፤ እጇም አፏም የማያርፍ።

«ቲቸር፣ አሜን ይበሉና እንጠብ እንጂ። ውሃው በረደ እኮ።»

«የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር አይቸኩልም።»

«እግዚአብሔርማ አይቸኩልም። ሳሙናው ነው የሚሟሟብን።»

ጎሚስታው በዚያ ድምፅ በሌለው ሳቁ ይስቅና የፈላ ውሃ ሊጨምር ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ሁሉንም ሁልጊዜ ይገርማቸው ነበር። በሽተኞቹ ሲታጠቡ ያለቅሳሉ። መርፌ ሲወጋ ዝም ያለው፣ ቁስሉ ሲጠረግ ጥርሱን ነክሶ የቻለው ሰው፣ ሞቅ ያለ ውሃ ጀርባው ላይ ሲወርድ ዓይኑ ይሞላል። ፀጉር ሠሪዋ በመጀመሪያ ቀኗ አንድ ሽማግሌ ቢያለቅሱባት ፎጣውን ጥላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ጎሚስታው ተከተላት።

«አሳመምኳቸው መሰለኝ» አለችው።

«አላሳመምሻቸውም። ሰው ከነካቸው ስለቆየ ነው። ሲያለቅሱ አታቋርጪ፤ ማጠብሽን ቀጥይ።»

ይህ ምክር ለሚመጣው አዲስ ሰው ሁሉ ይነገር ነበር። ሲያለቅሱ አታቋርጡ። ጎሚስታው ከዚያ እንባ በቀር ሌላ ክፍያ ፈልጎ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ጎማ ሲያወርድና ሲሰቅል የሚያቆመው ያ እንባ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስኳር እንዳለበት ካወቀ ቆይቷል። ክኒኑን ይውጣል፣ የሚስቱን ቁጣም አብሮ ይውጣል። ጣቶቹ መጀመሪያ መርፌ መርፌ አሉት፤ ከዚያ ደግሞ የእሱ እንዳልሆኑ ሁሉ ዝም አሉ። አንድ ቀን ላስቲክ የሚያጣብቅበትን የጋለ ብረት በባዶ እጁ ይዞ፣ መቃጠሉን ያወቀው በአፍንጫው ነው።

«ለሰዎቹ ንገራቸው» አለችው ሚስቱ።

«ምን ብዬ?»

«እጄ ደንዝዟል ብለህ ነዋ። ግጥም ግጠምላቸው አላልኩህ።»

«ወንበር ያመጡልኛል።»

«ያምጡልህ። ብትቀመጥ ምን ትሆናለህ?»

እውነቱን ለመናገር በሽታውን አልፈራውም ነበር፤ ወንበሩን ነው የፈራው። በቤተ ክርስቲያኑ ከፊት ረድፍ ቦታ ተሰጥቷቸው እዚያው የደረቁ ሽማግሌዎችን አይቷል። እሱ ደግሞ ዝቅ ካላለ መቆም አያውቅበትም። ያንን ዝቅታ ለማንም ማካፈል አይሆንለትም፤ የቆሸሸውን ውሃ ሌላ ሰው ሲያነሳ ካየ «ተዉት፣ ተዉት፣ የኔ ነው» ይላል። ትሕትናው ቀስ እያለ ርስቱ ሆኖ ነበር። ይህን ግን ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ሰው ዝቅ አለ ተብሎ ይወቀሳል እንዴ?

ነገሩ የደረሰበት ቅዳሜ መምህሩ ጉንፋን ይዞት ነበር። ሳሉ አላስጸልይ ስላለው ባጭሩ አሜን አለ። ፀጉር ሠሪዋ «ተመስገን፣ ዛሬስ ትኩስ ውሃ ልናገኝ ነው» አለችና ሁሉም ሳቁ። በሌሎቹ ቅዳሜዎች ውሃውን ሲያበርድ የኖረው የጸሎቱ ርዝመት እንደነበር ያን ጊዜ ማንም አላሰበውም።

መስኮቱ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ አዲስ በሽተኛ ተኝቶ ነበር። ሽማግሌ ነው፤ ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም፣ አንደበቱም ተይዟል። የት ወድቆ እንደተገኘ እንጂ የማን ወገን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ጎሚስታው እንደ ልማዱ እሱን ለራሱ ወሰደ። ፀጉር ሠሪዋ ከቦይለሩ ያመጣችውን ውሃ ሳፋው ውስጥ ገልብጣ ከቧንቧው ትንሽ ቀላቀለችበት።

«ጋሼ፣ ቀዝቃዛ ልጨምርበት?»

እጁን ነከረ። ጣቶቹ የነገሩት ውሃ መሆኑን ብቻ ነው፤ እሱንም ዓይኑ ሳይሆን አይቀርም የነገረው።

«ይበቃል» አላት።

እሷ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ጎሚስታው የሽማግሌውን እግሮች ከአልጋው አውርዶ ሳፋው ውስጥ አስገባ። ደህነኛው እግር ወዲያው ተስፈንጥሮ ወጣ። ጎሚስታው ይህንንም ያውቀዋል፤ ሰው እግሩን ለባዳ ማሳየት ያፍራል፣ ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ ይሸሻሉ።

«አይሳቀቁ አባባ» አለ። «እኔ ልጅዎ ነኝ።»

እግሩን በፍቅር ይዞ ወደ ውሃው መለሰው። እንዳይወጣም በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው። ሳሙናው አረፋ ሠርቶ ሁሉን ነገር ሸፈነው። ሽማግሌው አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣውም። ከዚያ እንባው መጣ፤ በጉንጩ ወርዶ አገጩ ላይ ተንጠባጠበ። ጎሚስታው ቀና ብሎ ሲያየው የራሱም ዓይን ሞላ። ማጠቡን አላቋረጠም።

አመሻሽ ላይ ቤቱ ገብቶ እራት ሊቀርብ ሲል ሚስቱ አየችው።

«እጅህን ምን ነካው?»

«ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ ትለኛለህ እንዴ? እየው እስቲ።»

አየው። ሁለቱም እጆቹ እስከ አንጓቸው ቀልተዋል፤ በጣቶቹ መሃል ቆዳው ውሃ ቋጥሮ አብጧል። እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጦ ተመለከታቸው። ሳፋው ትዝ አለው፣ አረፋው ትዝ አለው፣ ተስፈንጥሮ የወጣው እግር ትዝ አለው። ያንን እግር መልሶ ያስገባው በነዚህ እጆች ነው። እንዳይወጣ የያዘውም በነዚሁ ነው።

«ምነው? ምን ሆንክብኝ?» አለች ሚስቱ፣ ፊቱ አመድ ሲመስልባት።

«አባባ አልቅሰው ነበር እኮ» አለ።

ጫማውን አድርጎ ወደ ሆስፒታሉ ሊሄድ ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰና ተቀመጠ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ቆመ። መምህሩ ሰላም ሊለው እጁን ቢዘረጋ አንገቱን ብቻ ነቀነቀለት። አንድን ሰው በገዛ እጁ እንደቀቀለ እያወቀ ሌላ ቀን መዋል እንደሚችል ስለራሱ አያውቅም ነበር፤ ዋለ።

ሰኞ ዋና ነርሷ ሁሉንም አስጠራቻቸው። ቢሮዋ ጠባብ ነው፤ መምህሩ አንዷ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሌሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ነርሷ በሩን ዘግታ የሽማግሌው ሁለት እግሮች እንደተላጡ ነገረቻቸው።

«ውሃውን ያዘጋጀው ማነው?»

ጎሚስታው አፉን ሊከፍት ሲል ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ። የሚፈለግበት አንድ ቃል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ለምን አልፈተንሽውም?»

«ቸኩዬ ነው።»

የጎሚስታው እጆች ኪሱ ውስጥ እንዳሉ ነበሩ።

«ሽማግሌው ቤተሰብ ቢኖራቸው ኖሮ ዛሬ ያላችሁት ፖሊስ ጣቢያ ነበር» አለች ነርሷ። «ከእንግዲህ ማናችሁም ክፍሉ ውስጥ እንዳትገቡ።»

«ሲስተር» አለ መምህሩ፣ «ሌላ የሚያጥባቸው የላቸውም እኮ።»

«መች አጣሁት ቲቸር? እያወቅኩ ነው የምናገረው።»

ከቢሮው ሲወጡ በክፍሉ ክፍት በር በኩል አለፉ። ከየአልጋው አንገቶች ቀና ቀና አሉ፤ ቀኑ ሰኞ መሆኑን ያልለዩ ሰዎች ናቸው። ማንም አልገባላቸውም።

ጎሚስታው ከሌሎቹ ተለይቶ ፀጉር ሠሪዋን እስከ ፀጉር ቤቷ ተከተላት። አንዲት ደንበኛ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብታ መጽሔት ታገላብጣለች፤ ከጩኸቱ የተነሳ ምንም አትሰማም።

«ለምን ዋሸሽ?»

«አልዋሸሁም። የቀላቀልኩት እኔ ነኝ።»

«የፈተንኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ማበጠሪያዋን በጨርቅ ጠረገች። «የከፋውን ሥራ ቀድማችሁ አንሱ ያሉን እርስዎ አይደሉ? የከፋው ይሄ ነበር። አነሳሁት።»

ጎሚስታው ያን ሁሉ ዓመት ያስተማረው ነገር እንዲህ ተመልሶ ሲመጣበት መቆሚያ አጣ።

«ደግሞ ጋሼ፣ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ። ሰርቆ እንደወጣ ሰው ሆኑ እኮ።»

አወጣቸው። አየቻቸውና ቀልዷ ከፊቷ ላይ ጠፋ። የሚሽከረከረውን ወንበር ወደ እሱ አዞረች፤ ተቀመጠ። ከመሳቢያዋ የቃጠሎ ቅባት አውጥታ በጣቶቹ መሃል ቀስ እያለች ቀባችውና በፋሻ ጠቀለለችለት። መንካቷን የሚያውቀው በመስተዋቱ ውስጥ ስለሚያያት ነበር።

«ከጀመረዎት ቆየ?»

«ቆየ።»

«ብንጠይቅዎት ይነግሩን ነበር?»

«አልነግራችሁም ነበር።»

«እሱንማ እናውቃለን። እኛም ለዚያ ነው ያልጠየቅንዎት። ሳሙና ሲያመልጥዎት አይተናል፤ ዝም አልን።»

በማግስቱ ብቻውን ወደ ዋና ነርሷ ቢሮ ሄደ። የፋሻውን ጫፍ ፈትቶ እጆቹን ጠረጴዛዋ ላይ አኖራቸውና ሁሉንም ነገራት፤ ስኳሩን፣ የጋለውን ብረት፣ «ይበቃል» ያለውን፣ እግሩን ይዞ መልሶ ማስገባቱን። ነርሷ ሳታቋርጠው አዳመጠችና እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎት ይንገሩኝ።»

ጨፈነ። ጠበቀ። በኮሪደሩ ጋሪ አለፈ። ከውጭ ሰው ሲጣራ ተሰማ።

«ይጀምሩ እንጂ ሲስተር» አለ።

«ጨርሻለሁ» አለችው።

ከዚያ ነርሷ የወሰነችውን ነገረችው። ከአለቆቿ ጋር ተነጋግራ ቅዳሜዎቹን ልታስመልሳቸው ትሞክራለች፤ ለዚያ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ መናገር አለባት። እነሱ ይመጣሉ። እሱ ግን ከእንግዲህ ወደ ክፍሉ አይገባም፤ ውሃ ለመድፋትም ቢሆን፣ ለመጸለይም ቢሆን።

«እነሱን ካስገቡልኝ ይበቃኛል» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ አባባን ላያቸው።»

ወሰደችው። ሽማግሌው ነቅቶ ነበር፤ እግሮቹ በፋሻ ተጠቅልለው ትራስ ላይ ተቀምጠዋል። ጎሚስታው ሊናገር ያሰበውን መንገድ ላይ ሲያጠና ነበር የመጣው። ሽማግሌው ግን ሲያየው ደህነኛውን እግሩን፣ ከነፋሻው፣ ከነሕመሙ፣ ጎትቶ አንሶላው ውስጥ ደበቀው። ጎሚስታው አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። ይቅርታ የሚለው ቃል እንኳ በዚያ አልጋ ዳር ጭካኔ መሰለው። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ባልዲውን ለፀጉር ሠሪዋ ሲሰጣት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነበሩ።

«እኔ? አንድ ጸሎት እንኳ ደህና አድርጌ የማልጨርስ?»

«እሱን ለቲቸር ተይለት» አለ። ለመሳቅ ሞከሩ።

ነርሷ ፈቃዱን አስገኝታላቸው ቅዳሜ ደረሰ። ሚስቱ አርፎ እንዲተኛ ብትለምነውም እግሩ ወደለመደው ወሰደው። ከሆስፒታሉ በር ውጭ፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሲገቡ አያቸው። ያለ እሱ በሰልፍ ገቡ፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል ብሎ ነበር፣ አልታየም። ተጠጋግተው ሄደዋል። ልቡ ውስጥ ክፉ የሆነ ተስፋ ሲያቆጠቁጥ ተሰማውና ደነገጠ፤ አንድ ነገር ጎድሎባቸው፣ ግራ ገብቷቸው፣ አንድ ሰው ወጥቶ እንዲጠራው እየጠበቀ ነበር። አውቶቡሶች መጥተው ሄዱ። ማንም አልወጣም።

ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ወጡ። የፀጉር ሠሪዋ እጅጌ ረጥቦ ነበር። ስታየው አልተገረመችም፤ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር ጋሼ። ሁሉም ታጠቡ።»

ጸልዮ ያገኘው ይህ ነበር፤ ደረቱ ውስጥ ግን ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ።

«አባባስ?»

«እግራቸው ገና ነው። ፊታቸውንና እጃቸውን አጠብኳቸው።»

«አለቀሱ?»

«አላለቀሱም። ፈርተው ነበር መጀመሪያ። ከዚያ የተነከረውን የፎጣ ጫፍ እጃቸው ላይ አሳረፍኩና፣ ሙቀቱ ልክ ከሆነ አንዴ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ከበዛ ሁለቴ አልኳቸው።»

«ጨፈኑ?»

«መጀመሪያ ሁለቴ ጨፈኑ። ቀዝቃዛ ጨመርኩ። ከዚያ አንዴ ጨፈኑ።»

ይህን ብላ ወደ ሌሎቹ ሄደች፤ መምህሩ አውቶቡሱን አስቁሞ ይጠብቃት ነበር። ና አላሉትም፣ ሂድም አላሉትም። ጎሚስታው አግዳሚው ላይ ቀረ።

መጠየቅ ይቻል ነበር ማለት ነው። ባልዲ ይዞ በዚያ በር በገባባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ጎንበስ ብሎ ባጠባቸው አልጋዎች ሁሉ፣ ውሃውን ራሱን ጠይቆ ያውቃል፣ የገዛ ጣቶቹን ጠይቆ ያውቃል፤ የሚታጠበውን ሰው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም። ፊቶቹ አንድ በአንድ ይመጡበት ጀመር፤ ጢማሙ፣ አንድ ዓይናው፣ ሳቂታው ሾፌር፣ ስሙን የማያውቀው፣ ሁሉም ዓይናቸው ሞልቶ። እጁ መቼ መደንዘዝ እንደጀመረ እሱ ራሱ በትክክል አያውቅም። ከነዚያ እንባዎች የትኛው የምስጋና፣ የትኛው የጩኸት እንደነበር የሚነግረው ሰው የለም፤ ብዙዎቹ ሞተዋል። ቀጣዩ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፣ በሩን ከፈተ፣ ጠበቀው፣ ዘግቶ ሄደ።